የምንጣፍ አቧራ የት ይሄዳል?

ምንጣፍን የሚያስረጀው የሚረግጠው እግር ብቻ ይመስለናል። ይበልጥ የሚጎዳው ግን እግር ይዞት የሚገባው ደረቅ አሸዋ ነው። ደቃቁ ቅንጣት በጸጉሩ መካከል ሰርጎ ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ በተረገጠ ቁጥርም በስለታም ጠርዙ ክሩን ከሥሩ ይገዘግዘዋል። ላዩ ንጹሕ የሚመስል ምንጣፍ ሲራገፍ ቤቱን በአቧራ የሚሞላውም ለዚህ ነው።

ምንጣፍ ያለው ሕዝብ ሁሉ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ነበረበት። አቧራው እንዴት ይወጣል? ከወጣ በኋላስ የት ይሄዳል? የመጀመሪያው መልስ በየአገሩ ቶሎ ተገኘ። ሁለተኛውን ግን ለብዙ ዘመን የጠየቀ አልነበረም፤ ጠያቂ በጠፋበት ዘመን ሁሉ አቧራው የሚያርፈው በጽዳት ሠራተኛው ሳንባ ውስጥ ነበር። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት፣ ከ5ኛው እስከ 3ኛው መቶ ዓመት፦ በረዶ የጠበቀው ምንጣፍ

በ1949 የሶቪየቱ የቅርስ ተመራማሪ ሰርጌይ ሩዴንኮ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ሸለቆ፣ የአንድ ጥንታዊ ባላባት መቃብር ሲከፍት በበረዶ ውስጥ የተቀበረ ምንጣፍ አገኘ። ቁመቱ ሁለት ሜትር፣ ወርዱ ከዚያ ጥቂት ያነሰ ነው። በአንድ ካሬ ዴሲሜትር ውስጥ ወደ 3,600 የሚጠጉ ቋጠሮዎች አሉት፤ ፈረሰኞቹና አጋዘኖቹ ዛሬም ቀለማቸው አልጠፋም። እስካሁን ከተገኙት ሙሉ ባለቋጠሮ ምንጣፎች በዕድሜ የሚቀድመው የለም፤ የሚገኘውም በሴንት ፒተርስበርግ፣ በሄርሚቴጅ ሙዚየም ነው።

ምንጣፉን ያተረፉት ሌቦች መሆናቸው ይገርመኛል። መቃብሩን በጥንት ዘመን ሰርስረው ገብተው የከበረ ዕቃ ሲዘርፉ በተዉት ቀዳዳ ውኃ ሰርጎ ገባ፤ ውኃውም ቀዝቅዞ በረዶ ሆነ፤ ዳግመኛም አልቀለጠም። ሱፍ የሚያጠፉት ብልና ሻጋታ እንዲህ ባለ ብርድ ውስጥ መኖር አይችሉም። የዛሬ ሙዚየሞችም ብል የገባበትን ምንጣፍ በፕላስቲክ ጠቅልለው ከዜሮ በታች ብዙ ዲግሪ በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ለቀናት ያቆዩታል። በክረምት በረዶ በሚጥልባቸው አገሮችም፣ በሩሲያና በስካንዲኔቪያ፣ ምንጣፉን በአዲስ በረዶ ላይ በፊቱ ደፍቶ ከጀርባው መደብደብ የቆየ ልማድ ነው። ደረቁ በረዶ አቧራውን ይይዘዋል፤ ምንጣፉ ሲነሣም ጥቁር ምልክቱ በነጩ በረዶ ላይ ይቀራል። አቧራው የት እንደሄደ በዓይን የሚታይበት የመጀመሪያው ዘዴ ይህ ሳይሆን አይቀርም።

እስከ 1500፦ ምንጣፍ ወደ ወንዝ ይወርዳል

የምንጣፍ አገር በሆነችው በፋርስ ደግሞ መልሱ ወራጅ ውኃ ነበር። ቴህራን አጠገብ፣ በጥንታዊቷ ሬይ ከተማ፣ ቼሽሜ አሊ የተባለ ምንጭ አለ። የምንጣፍ ባለቤቶችና አጣቢዎች ውኃው ለምንጣፍ ይስማማል እያሉ ከሩቅም ከቅርብም ይዘው ይመጡ ነበር። የታጠበው ምንጣፍ በምንጩ ዙሪያ ባለው ዐለት ላይ ሲዘረጋ ተራራው በሙሉ ቀይና ሰማያዊ ለብሶ የሚታይባቸው የድሮ ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው።

ከካሻን ከተማ ርቃ በምትገኘው በማሽሃደ አርደሃል ደግሞ ምንጣፍ ማጠብ የሃይማኖት ሥርዓት ሆኗል። በአካባቢው ትውፊት መሠረት የኢማም መሐመድ አልባቂር ልጅ ሱልጣን አሊ በዚያ ስፍራ ተገደሉ፤ የፊን መንደር ሰዎችም አስከሬናቸውን በምንጣፍ ጠቅልለው ወደ ወንዝ ወሰዱ፤ አጥበውም ቀበሩ። ዘሮቻቸው በየዓመቱ በመከር ወራት አንድ የተጠቀለለ ምንጣፍ በትከሻቸው ተሸክመው ከመቃብሩ ወደ ወንዙ ያመጣሉ፤ በእንጨት በትር ውኃና የጽጌረዳ ውኃ ይረጩበታል። ዩኔስኮ ይህን ሥርዓት በ2012 በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ምንጣፍ እጥበት ለሰው የመጨረሻ ክብር የሚሰጥበት ሥርዓት የሆነበት ሌላ ስፍራ አላውቅም።

ወንዝ ብቻውን አይበቃም ነበር። ሱፍ የእንስሳ ጸጉር ስለሆነ ከአመድ የሚሠራ ኃይለኛ ሳሙና ይጎዳዋል፤ ፍል ውኃና ብርቱ ማሻሸት ደግሞ ያኮማትረዋል። ስለዚህ በምዕራብ እስያ በለስላሳ አረፋቸው የሚታወቁ የዕፅዋት ሥሮች ነበሩ የሚመረጡት። በዕፅዋቱ ውስጥ ያለው ሳፖኒን የተባለ ንጥረ ነገር ቅባትን ሲያላቅቅ ሱፉን አይጎዳውም። የእኛ እንዶድም የዚሁ ቤተሰብ አረፋ አለው። ነጠላና ጋቢ በእንዶድ ያጠቡ እናቶች የሳፖኒንን ስም ባያውቁም ሥራውን ጠንቅቀው ያውቁ ነበር።

1520፦ በአንድ ዓመት ሁለት ምንጣፍ

በ1520 በእንግሊዝ ከንጉሥ ሄንሪ ስምንተኛ ቀጥሎ ኃያል የነበረው ካርዲናል ቶማስ ዎልሲ 60 የምሥራቅ ምንጣፎች በቬኒስ በኩል ደረሱት። ለማግኘት ብዙ ደጅ የጠናበት፣ በቬኒስ አምባሳደሮችም ላይ ጫና ያሳደረበት ጉዳይ ነበር። እንዲህ ተለምኖ የመጣ ምንጣፍ በጭቃማ ጫማ አይረገጥም። በዚያን ዘመን አውሮፓ ምንጣፍ ብዙ ጊዜ የጠረጴዛ ልብስ ነበር። ሃንስ ሆልባይን በ1533 «አምባሳደሮቹ» በተባለው ሥዕሉ የቱርክ ምንጣፉን ሁለቱ ሰዎች ክንዳቸውን ባሳረፉበት መደርደሪያ ላይ ያነጠፈው በዚሁ ልማድ ነው።

በዚያው በ1520 የፖርቱጋል መልእክተኞች ምጽዋ ላይ ወረዱ። ከእነርሱ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት በኢትዮጵያ ኖረ፤ በመጽሐፉም በዐፄ ልብነ ድንግል ድንኳን ውስጥ መሬት ላይ የተነጠፉትን ምንጣፎች ጠቅሷል። ወደ ቤተ ክርስቲያን ማንም ጫማ ተጫምቶ እንደማይገባም በመገረም ጽፏል። ምንጣፍ በመሬት ላይ ሳይጠፋ ሊኖር የሚችለው እንዲህ ባለ አገር ነው። ጫማን በር ላይ መተው ለቅድስና ሲባል የተጠበቀ ሥርዓት ቢሆንም ለምንጣፍ ከተደረጉት ጥበቃዎች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው፤ አቧራው ሳይገባ ቢቀር የት ይሄዳል ብሎ የሚጨነቅ አይኖርም። በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም ይህ ሥርዓት ዛሬም እንዳለ ነው፤ በየቤታችንም በር ላይ የተደረደረ ጫማ ማየት እንግዳ ነገር አይደለም።

ከ1755 እስከ 1870፦ ዱላ፣ የሻይ ቅጠልና የበሬ ሐሞት

ምንጣፍ አውሮፓ ውስጥ ከጠረጴዛ ወደ ወለል የወረደው አገሬው ራሱ መሥራት ሲጀምር ነው። ቶማስ ዊቲ በ1755 አክስሚንስተር በተባለችው የእንግሊዝ ከተማ የመጀመሪያውን ምንጣፉን ሠራ። ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው ከአሜሪካ ነበር። ኢራስተስ ቢግሎው ከ1839 ጀምሮ በማሽን ኃይል የሚሠራ የምንጣፍ መሸመኛ ፈለሰፈ፤ የሸማኔው እጅ በቀናት የሚጨርሰውን ማሽኑ በሰዓታት አወጣው፤ ዋጋውም ወረደ። የመካከለኛ ገቢ ያለው ቤተሰብ ሳሎኑን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አለበሰ። ጠባብ ጠባብ ሆኖ የተሸመነውን ጨርቅ ሰፍተው በሚስማር ከወለሉ ጋር ይመቱት ነበር።

ምንጣፉ ሲበዛ አቧራውም በዛ፤ ጫማውም አልወለቀም፤ ቤቱን የሚያሞቀው የድንጋይ ከሰል ጥቀርሻውን ጨመረበት። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ሲያልፍ፣ የቤቱ ሴቶችና ሠራተኞች ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለው፣ ከባዱን ምንጣፍ ጠቅልለው ወደ ጓሮ ያወጡታል። ገመድ ላይ ሰቅለው ከተጠላለፈ ሸንበቆ በተሠራ መደብደቢያ ከጀርባው ይመቱታል፤ ከዚያ መልሰው ይዘረጉትና እንደገና ሚስማር ይመቱለታል። ቀን ሙሉ የሚደበድበው ሰው አቧራውን ቀን ሙሉ ይተነፍሳል።

በመሐሉ ለሚውለው የዕለት ጽዳት የሻይ ቅጠል ነበር። ኢዛቤላ ቢተን በ1861 በወጣው የቤት አያያዝ መጽሐፏ እንደምትመክረው፣ የተፈላው ቅጠል ተጨምቆ ሳይደርቅ በምንጣፉ ላይ ይበተናል፤ ከዚያም በመጥረጊያ ይጠረጋል። እርጥቡ ቅጠል አቧራውን እየያዘ አብሮት ይወጣል። ብልሃቱ ጥሩ ነው፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለውን ምንጣፍ ግን ያቀልማል። የቅባት እድፍ ሲሆን ደግሞ የበሬ ሐሞት በውኃ ተበጥብጦ ይታሽበት ነበር። ይህን የሚንቅ ካለ ሐሞት በሆድ ውስጥ ስብን የሚፈታ ፈሳሽ መሆኑን ያስታውስ፤ አሠራሩ ልክ ነበር።

በዚሁ ዘመን አጣቢዎችን ያስቸገረ ሌላ ነገር መጣ። የ18 ዓመቱ ዊልያም ፐርኪን በ1856 ለንደን ውስጥ የወባ መድኃኒት ሊሠራ ሲሞክር ሳያስበው ሐምራዊ ቀለም አገኘ። ከዚያ ቀጥለው የመጡት ርካሽ ሰው ሠራሽ ቀለሞች በፀሐይ የሚነጡና በውኃ የሚለቁ ነበሩ፤ የኢራን መንግሥት አገሩ በምንጣፉ ያገኘው ስም እንዳይጠፋ ሊከለክላቸው ሞክሯል። አጣቢ ሁሉ ውኃ ከማፍሰሱ በፊት በነጭ እርጥብ ጨርቅ የምንጣፉን ጥግ ጠረግ አድርጎ ማየት ልማዱ አደረገ፤ ጨርቁ ከቀላ ወይም ሰማያዊ ከሆነ ምንጣፉን ውኃ አይነካውም። ይህ ሙከራ ዛሬም ከማንኛውም ሳሙና ይቀድማል።

1876፦ የቢስል ቤተሰብ

በሚቺጋን ግዛት ግራንድ ራፒድስ ከተማ ሜልቪልና አና ቢስል የሸክላ ዕቃ ይሸጡ ነበር። ዕቃው ተጭኖ የሚመጣበት የመጋዝ ብናኝ ምንጣፋቸው ውስጥ እየገባ ያስቸግራቸዋል። ሜልቪል በ1876 በጎማ እግሩ የሚሽከረከር፣ ሲገፋ ብሩሹ እየዞረ ቆሻሻውን ወደ ሳጥኑ የሚያስገባ መጥረጊያ ፈለሰፈና የባለቤትነት መብት አገኘበት። ከዚህ በፊትም ተመሳሳይ ሙከራ ነበር፤ ይሄኛው ግን የተሸጠ ነው። የብሩሹን ጸጉር የሚያስሩት በየቤታቸው የሚሠሩ ሴቶች ነበሩ፤ አናም በቅርጫት እየዞረች ትሰበስብ ነበር። ሜልቪል በ1889 በሳንባ ምች ሲሞት ኩባንያውን እርሷ ተረክባ ወደ ሌሎች አገሮች አስፋፋችው። ሴቶች የመምረጥ መብት ባልነበራቸው አገር ትልቅ ፋብሪካ የመራች ሴት ናት፤ ታሪኳ ከባሏ ፈጠራ ያላነሰ ቦታ ይገባዋል።

የቢስል ሳጥን ለሁለተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን ከፊል መልስ ሰጠ። የላይኛው ቆሻሻ ከእንግዲህ በሳጥን ውስጥ ነው። ከሥሩ የተቀመጠው ደቃቅ አቧራ ግን ገና አልተነካም።

ከ1901 እስከ 1926፦ አየር ይሳባል

ሁበርት ሴሲል ቡዝ ድልድይና የመዝናኛ መንኮራኩር የሚሠራ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ነበር፤ በቪየና ዛሬም የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር ላይ እጁ አለበት። በ1901 ለንደን ውስጥ አንድ አሜሪካዊ የአዲስ ማሽን ማሳያ ሲያደርግ ተገኘ። ማሽኑ በተጨመቀ አየር አቧራውን ከምንጣፍ እያስነሣ ወደ ሳጥን እንዲወድቅ ይሞክራል፤ አብዛኛው አቧራ ግን ተመልሶ ምንጣፉ ላይ ያርፋል። ቡዝ ለምን በመንፋት ፈንታ አይስበውም ብሎ ሲጠይቅ ባለማሽኑ አይቻልም አለው። ከቀናት በኋላ ቡዝ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ መሐረቡን ከወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረና በአፉ ሳበ፤ በሳልም ታነቀ። መሐረቡን ሲገለብጠው ወንበሩን የነካው ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

መልሱ በዚህ መሐረብ ላይ ነበር። አየር ይሳባል፤ ጨርቅ አቧራውን ያስቀራል፤ ንጹሑ አየር ያልፋል። ዋናው ግኝት የሞተሩ ጉልበት ይመስለን ይሆናል፤ እኔ ግን ማጣሪያው ነው እላለሁ፤ አቧራው የት ይሄዳል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው እርሱ ስለሆነ ነው።

የቡዝ ማሽን በፈረስ የሚጎተት ቀይ ጋሪ ነበር። ሞተሩ መንገድ ላይ ይቆማል፣ ረጃጅም ቱቦዎች በመስኮት ይገባሉ፤ ጩኸቱም ፈረሶችን ስለሚያስበረግግ ክስ ደርሶበታል። አቧራው ሲያልፍ እንዲታይ በመሐሉ ግልጽ ቱቦ አደረገበትና ባለጸጎች እንግዳ ጠርተው ሻይ እየጠጡ ያዩት ጀመር። በ1902 ንጉሥ ኤድዋርድ ሰባተኛ ሊነግሥ ሲል የዌስትሚኒስተር ቤተ ክርስቲያንን ምንጣፍ ያጸዳው ይሄው ማሽን ነው፤ ቤተ መንግሥቱም ከዚያ በኋላ ገዛ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ወታደሮች ከሰፈሩበት ክሪስታል ፓላስ በእነዚህ ማሽኖች 26 ቶን ያህል አቧራ እንደወጣ ይነገራል።

ይህ ሁሉ ለባለጸጋ ነበር። ቤት ውስጥ የሚገባውን ትንሽ ማሽን የሠራው ምንጣፍ ጠራጊ ነው። ጄምስ መሪ ስፓንግለር በኦሃዮ ካንተን ከተማ የአንድ ትልቅ ሱቅ የጽዳት ሠራተኛ ነበር፤ አስም ነበረበት፤ የመጥረጊያው አቧራ ሌሊት ትንፋሽ ይነሣው ነበር። የአየር ማራገቢያ ሞተር፣ ሳጥን፣ የመጥረጊያ እጀታና የትራስ ጨርቅ አገጣጥሞ በኤሌክትሪክ የሚስብ ማሽን ሠራ። የትራሱ ጨርቅ የአቧራው ማጠራቀሚያ ነው። በ1908 መብቱን አስመዘገበ፤ አንዱን ለዘመዱ ለሱዛን ሁቨር ሰጣት። የሱዛን ባል ዊልያም ሁቨር የፈረስ ዕቃ ቆዳ ነጋዴ ነበር፤ መኪና እየበዛ ሲመጣ ንግዱ እንደማይዘልቅ አይቶ ነበርና የማሽኑን መብት ገዛ። ስሙ ከዚያ በኋላ በእንግሊዝ የማሽኑ ሁሉ መጠሪያ እስኪሆን ናኘ። በ1926 ኩባንያው በብሩሹ ላይ ጠንካራ ዘንግ ጨመረበት፤ ዘንጉ ምንጣፉን እየመታ አሸዋውን ያላቅቃል። የጓሮው ዱላ ማሽን ውስጥ ገባ።

ከ1946 እስከ 1964፦ ውኃ ወደ ቤት ይገባል

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምንጣፉ ራሱ ተለወጠ። በአሜሪካ ጆርጂያ ግዛት፣ ዳልተን ከተማ፣ ካትሪን ኢቫንስ የተባለች ልጅ በ1895 በመርፌ የሠራችው የአልጋ ልብስ ለአካባቢው ሴቶች የቤት ሥራ ሆኖ ነበር። ያንኑ አሠራር ማሽን ሲረከበው ከተማዋ የምንጣፍ መናኸሪያ ሆነች። ናይሎንና ፖሊፕሮፒሊን የተባሉ ሰው ሠራሽ ክሮች ሱፍን ተኩ፤ ክሩ በመርፌ ተወግቶ ከጀርባው በጎማ ይጣበቃል። እንዲህ ያለው ምንጣፍ ከወለል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ጓሮ አይወጣም፤ ወደ ወንዝም አይወርድም። ፍል ውኃ ረጭቶ ወዲያው መልሶ የሚስበው የእጥበት ማሽን የተስፋፋው በዚህ ምክንያት ነው።

ሳሙናውም አዲስ ነበር። በ1946 የወጣው ታይድ ዓይነቱ ሰው ሠራሽ ማጽጃ በማንኛውም ውኃ አረፋ ያወጣል። አንድ ችግር ግን ይዞ መጣ፤ ተለቅልቆ ያልወጣ ማጽጃ ክሩ ላይ ተጣብቆ አቧራ ይስባል። ታጥቦ በሁለት ሳምንት የሚጠቁር ምንጣፍ ብዙ ጊዜ በደንብ ያልታጠበ ሳይሆን በደንብ ያልተለቀለቀ ነው።

በ1964 ሁለት ነገሮች ታወቁ። በኔዘርላንድስ ላይደን የሬይንደርት ፎርሆርስት ቡድን የቤት አቧራ አስም የሚያስነሣው በውስጡ በሚኖሩ በዓይን በማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳት ምክንያት መሆኑን አሳወቀ። ምናልባትም ስፓንግለር ሌሊት የታነቀበት ምክንያት ስም አገኘ፤ ሐኪሞችም አስም ያለበት ሰው ከመኝታ ክፍሉ ምንጣፍ እንዲያወጣ መምከር ጀመሩ። በዚያው ዓመት ዶክተር አክሊሉ ለማ ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ቁልቁል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ የቢልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያገኙት ከዚህ ምልከታ ነው፤ በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር ለዚህ ሥራ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። አንዱ አቧራው ሳንባ ውስጥ የሚያደርገውን፣ ሌላው የእጥበት ውኃው ወንዝ ውስጥ የሚያደርገውን ተከታተለ።

ዛሬ፣ አዲስ አበባ፦ ከአጥር ወደ ላቫጆ

በእኛ አገር ከሱፍ የሚሠራው ባና፣ አጎዛውና ቁርበቱ ሲራገፉና ሲፀሐዩ ኖረዋል፤ ቁንጫና ትኋን የሚያባርረውም ፀሐይና ጭስ ነበር። አሁን በብዙ ቤት ያለው በማሽን የተሠራ የፖሊፕሮፒሊን ምንጣፍ ነው። ሲቆሽሽ ተጠቅልሎ በሚኒባስ ጣሪያ ወይም በጋሪ ወደ ላቫጆ ይሄዳል፤ ሲሚንቶ ላይ ተዘርግቶ ዱቄት ሳሙና ይነሰነስበታል፤ በብሩሽ ይታሻል፤ በግፊት ውኃ ይለቀለቃል፤ አጥር ላይም ይሰቀላል። ሥራው ከባድ ነው፤ የተነከረ ምንጣፍ ለሁለት ጎልማሶች እንኳ ሸክም ነው። አጣቢዎቹ የሚያደርጉልን ነገር በዋጋው ከሚመስለው በላይ ነው።

ሁለት ስሕተት ግን ይደጋገማል። የመጀመሪያው ሳይራገፍ ውኃ ማጠጣት ነው። ደረቅ አቧራ ውኃ ሲያገኝ ጭቃ ይሆንና ወደ ሥሩ ይወርዳል፤ ብዙ ሳሙና የሚፈጀውም ይሄ ጭቃ ነው። ሁለተኛው ሱፉንና ፕላስቲኩን አንድ ማድረግ ነው። ፖሊፕሮፒሊን ግፊቱንም ሆነ ሳሙናውን ይችላል፤ ከአያት የተረፈ የሱፍ ምንጣፍ ግን አይችልም። ቀዝቃዛ ውኃ፣ ለስላሳ ማጽጃ፣ በጸጉሩ አቅጣጫ መቦረሽና ጠፍጣፋ ሆኖ መድረቅ ይፈልጋል። በክረምት ደግሞ ከጀርባው እርጥበት ሳይወጣ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ የጥጥ ድሩ ይበሰብሳል፤ እርሱ ከበሰበሰ የሚጠግነው የለም።

ከላቫጆው የሚወጣው ውኃ ሳሙናውን፣ አቧራውንና ከሰው ሠራሽ ክሩ የተላቀቁትን ደቃቅ የፕላስቲክ ጭረቶች ይዞ ወደ ቦዩ ይገባል፤ ከቦዩ ወደ ቀበናና አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይወርዳል። ምንጣፉ ከመታጠቡ በፊት በፊቱ ተደፍቶ ከጀርባው በደንብ ከተደበደበና ከተጠረገ የሚፈልገው ሳሙናም ውኃም ይቀንሳል። የሚደበድበው ሰው ግን አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን።